ስለ ዛፍ ሽበትና ስለ እውነተኛ ስም

ታናሽ ለሆነች ፍጥረት፥ ለማትበላና ለማትሸጥ፥ ጥላ ለማትጥልና ፍሬ ለማታፈራ፥ መርምሮ የራስዋን ስም መስጠት ምን ይጠቅማል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። የሰው ዕድሜ አጭር ነው፤ የሚታረሰውም፥ የሚታከመውም፥ የሚማረውም ብዙ ነው። በዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፋ የምትኖር አንዲት ደቃቅ ዕፅ ከእኅትዋ በምን እንደምትለይ ለማወቅ አንድ ሰው ዕድሜውን ቢፈጅ፥ ጊዜውን በከንቱ አጠፋ እንላለንን? ወይስ የሚገባትን ዕዳ ከፈለላት እንላለን? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በሙቀትና በጉም አገር፥ በዛፍ ላይ በምትኖር በአንዲት ዕፅ ምሳሌነት ጥቂት ልንመረምረው አሰብን። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ነገሩን ከሩቅ ሳንጀምር አስቀድመን የራሳችንን በደል እንናገር። በልጅነታችን በአንድ የገጠር ደብር ከቆሎ ተማሪዎች ጋር ስንማር በቅጽሩ ውስጥ አንድ ያረጀ ወይራ ነበረ። ግንዱንና ቅርንጫፉን ጠጕር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ሸፍኖት ነበር፤ በክረምት ይለመልማል፥ በበጋ ይጠወልጋል። አንድ ዓመት የወይራው ቅጠል ሳሳ። ከዚያ ወዲያ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ «ይህ ተቀጽላ ነው፤ የዛፉን ደም መጥጦ ጨረሰው» አሉ። የተከራከረ አልነበረም፤ የተከበረ ሰው አንድ ጊዜ ስም ካወጣ በኋላ ማን ይከራከራል? እኛም ቢላዋና ማጭድ ይዘን ወደ ዛፉ ወጣንና ሁለት ቀን ሙሉ ፋቅነው። ቅርፊቱ ቈስሎ ውስጡ ነጩ እስኪታይ ድረስ ፋቅነው። ከዚያ ውስጥ የወፍ ጎጆ ወደቀ፤ ስማቸውን የማናውቃቸው ትንንሽ ነፍሳትም ረገፉ። የተፋቀውን ከቅጽሩ ውጭ በድንጋይ ላይ ከመርነው፤ በፀሐይ ደርቆ እንደ ገለባ ሆነ።

በሳምንቱ ዝናም ዘነበ። ማለዳ ስንወጣ ያ ደርቆ የነበረ ክምር፥ ዛፍ ሳይኖረው፥ ቅርፊት ሳይነካ፥ በድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጠ ለምልሞ አገኘነው። ዓይናችን አየ፤ ልባችን ግን አላስተዋለም። ከዛፉ ደም የሚኖር ቢሆን ኖሮ ያለ ዛፉ እንዴት ይለመልማል? ብሎ የጠየቀ አንድ ስንኳ አልነበረም። ይህ ጥያቄ ወደ እኛ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ስለ እነዚህ ፍጥረታት የተጻፈውን ማንበብ ስንጀምር ነው። ወይራው ግን ያን ጊዜ ቈስሎ ነበር።

በአገራችን ቋንቋ በዛፍ ላይ የሚበቅለውን ጠጕር መሳይ ነገር የዛፍ ሽበት፥ በድንጋይ ላይ ሲሆን ደግሞ የድንጋይ ሽበት እንለዋለን። በዚህ አንድ ስም ሥር የማይዛመዱ ፍጥረታት ተሰብስበው ይኖራሉ። አንደኛው ሊክን የሚባለው ነው፤ በደጋ አገር በጥድና በኮሶ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ዐመድማ ሆኖ ተንዠርጎ የሚታየው ከዚህ ወገን ነው። ሊክን አንድ ዕፅ አይደለም፤ የሻጋታ ዘመድ የሆነ ፈንገስና አልጌ የሚባል ደቃቅ አረንጓዴ ፍጥረት እየተረዳዱ የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ሁለተኛው ሞስ የሚባለው ነው። ሞስ እውነተኛ ዕፅ ነው፤ ግንድና ቅጠል የመሰለ አካል አለው፤ ነገር ግን አበባ የለውም፥ እውነተኛ ሥርም የለውም። እንደ ጠጕር የቀጠኑት ሥር መሳዮቹ ዛፉን ለመያዝ ናቸው እንጂ ከዛፉ ለመጠጣት አይደሉም። ውኃውን ከዝናምና ከጉም በቅጠሉ ይቀበላል። በደረቅ ጊዜ ሥራውን ሁሉ አቁሞ ይተኛል፥ ሲርስ ይነቃል። በልጅነታችን በድንጋይ ላይ ያየነው ይህን ነበር።

ተቀጽላ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። እርሱ አበባ የሚያብብ ቍጥቋጦ ነው፤ ሥሩን በዛፉ ሥጋ ውስጥ ሰድዶ በእውነት ከዛፉ ይጠጣል። እንግዲህ ሽማግሌው በተቀጽላ ላይ የተናገሩት ቢሆን ኖሮ ፍርዳቸው የቀና በሆነ ነበር። የተሳሳቱት ፍርዱን አይደለም፤ ተከሳሹን ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ከትልልቅ ዛፎች ላይ ተንዠርጎ የሚታየውን ዕፅ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የእስፓንያ ሞስ» ይለዋል። እርሱ ሞስም አይደለም፥ ከእስፓንያም አልመጣም፤ አበባ የሚያብብ የአናናስ ዘመድ ነው። መልክ ብቻውን መካሪ ሲሆን የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይስታል።

እንግዲህ ሞስን ከሞስ የሚለዩት እንዴት ነው? መርማሪው በመጀመሪያ የሚያየው የምትኖርበትን ነው፤ በምን ዛፍ ላይ፥ በግንዱ ላይ ወይስ በቅርንጫፉ ጫፍ፥ በምን ያህል ከፍታ። ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር አቋምዋን ያያል፤ እንደ ትራስ ተከምራለች ወይስ እንደ ክር ተንጠልጥላለች። ከዚያ በኋላ አንዲት ቅጠል ነቅሎ በውኃ ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሥር ያኖራታል። የሞስ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ስለ ሆነ ብርሃን ያልፍበታል፤ ሕዋሶቹም እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት መስተዋት አንድ በአንድ ይቈጠራሉ። ቅጠሉ በመካከሉ አንድ ጅማት አለው? ሁለት ነው? ወይስ ፈጽሞ የለውም? ሕዋሱ ረጅም ነው ወይስ ክብ? ገጹ ልሙጥ ነው ወይስ ጉብታ አለው? ዘር የምትይዝበት ትንሽ ሙዳይ ከተገኘላት ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው፤ ይህች ሙዳይ እንደ እናቶቻችን ሙዳይ ክዳን አላት፤ ክዳኑ ሲወድቅ በአፏ ዙሪያ ጥርስ የመሰሉ ነገሮች ይታያሉ፤ በብዙዎቹ 16፥ በሌሎቹ 32 ወይም 64። ጥርሶቹ እንደ አየሩ እርጥበትና ድርቀት እየተጠማዘዙ ዱቄት የመሰለውን ዘር በልክ ይለቁታል። በዓለም ላይ 12000 ያህል የሞስ ዝርያ ይታወቃል፤ ብዙዎቹም የሚለያዩት ከዚህ በማይበልጥ ምልክት ነው።

ይህን መንገድ ከሁሉ ይልቅ ያቀናው ዮሐን ሄድቪግ ነው። እርሱ በ1730 ዓ.ም. በትራንሲልቫንያ ተወልዶ በጀርመን አገር በሕክምና ሥራ የኖረ ሰው ነው። ድውያኑን ከመጐብኘቱ በፊት ማለዳ ዕፀዋት ይሰበስብ ነበር፥ ማታ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። አበባ የሌላቸው ሞሶች ወንዴና ሴቴ አካል እንዳላቸው ገልጦ አሳየ። በ1799 ዓ.ም. ሞተ፤ የሞሶችን ዝርያ የጻፈበት ታላቅ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1801 ዓ.ም. ታተመ። የሌሎች ዕፀዋት ስም የሚጀምረው ከስዊድናዊው ከሊኔ የ1753 ዓ.ም. መጽሐፍ ሲሆን፥ የሞሶች ስም ግን፥ ከአንድ ወገን በቀር፥ ከዚህ ከሄድቪግ መጽሐፍ እንዲጀምር ሊቃውንቱ ተስማምተዋል። ድውያንን የሚያይ ሐኪም ለሞስ ጊዜ ማግኘቱን ልብ ልንለው ይገባናል። በመግቢያችን የጠየቅነውን ሰው ለእርሱ ብንጠይቀው የትኛውን ሥራ ተው እንለው ነበር?

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንምጣ። ከምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ጀምሮ እስከ ጃቫ ደሴትና ከዚያም ወዲያ፥ ጉም በሚያዘወትራቸው ደኖች ውስጥ፥ ቢጫና አረንጓዴ ሆና እንደ ቀጭን ክር ከቅርንጫፍ ላይ የምትንጠለጠል አንዲት ሞስ አለች። በ1844 ዓ.ም. ዶዚና ሞልከንቡር የተባሉ ሁለት የሆላንድ ሰዎች ከጃቫ በመጣው ደረቅ ዕፅ መርምረው ሌስኬያ ፍሎሪቡንዳ አሏት። ከስድሳ አንድ ዓመት በኋላ፥ በ1905 ዓ.ም.፥ ማክስ ፍላይሸር የተባለው ጀርመናዊ፥ እርሱም ሠዓሊ የነበረና በጃቫ ተቀምጦ ሞሶችን በሕይወታቸው ያየ ሰው ነው፥ ይህች ከሌስኬያ ወገን አይደለችም ብሎ ፍሎሪቡንዳሪያ የሚል አዲስ ወገን አቆመላት። ዛሬ ፍሎሪቡንዳሪያ ፍሎሪቡንዳ ትባላለች። ከሩቅ ለሚያያት እንደ እርስዋ ከሚንጠለጠሉት ከሌሎቹ በምንም አትለይም፤ ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ሲያዩአት በያንዳንዱ ረጅም ሕዋስ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች እንደ መቍጠሪያ ዶቃ በአንድ መሥመር ተሰልፈው ይገኛሉ። ሜቴዎሪየም በሚባለው ዘመድዋ ላይ ግን በየሕዋሱ ያለው ጉብታ አንድ ብቻ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር እናደንቃለን። ፍላይሸር የቀደሙትን ሰዎች ፍርድ ሲያርም ስማቸውን አልፋቀም። ሕጉ አይፈቅድለትም። መጀመሪያ ያወጡላት ሁለተኛው ስም፥ ፍሎሪቡንዳ የሚለው፥ ጸንቶ ይኖራል፤ በሊቃውንቱ አጻጻፍም የዶዚና የሞልከንቡር ስም በቅንፍ ውስጥ አስቀድሞ ይጻፋል፥ ያረመው ሰው ስም ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። የተሳሳተው ሰው ሳይዋረድ ስሕተቱ ይታረማል፤ አራሚውም እርሱ ራሱ ነገ ሊታረም እንደሚችል ያውቃል። በሰዎች መካከል፥ በሊቃውንት ጉባኤም ሳይቀር፥ እንዲህ ያለ የእርማት ሥርዓት ስንት ጊዜ አይተናል?

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ፍሎሪቡንዳ ማለት በላቲን ቋንቋ አበባ የበዛላት ማለት ነው። ሞስ ግን አንድ አበባ ስንኳ የላትም! ታዲያ ስሙ ሐሰት አይደለምን? ለምንስ አይለወጥም? ሊቃውንቱ ስም ትርጉሙ አልገጠመም ተብሎ አይሻርም ብለው ደንግገዋል። ይህን በመጀመሪያ ስናነብ ግድ የለሽነት መስሎን ነበር፤ ቆይተን ስናስበው ግን ትክክል ሆኖ አገኘነው። በመንደራችን ደስታ የሚባል ኀዘንተኛ ሰው ቢኖር ስሙ ሐሰተኛ ነው አንልም፤ ስሙን ስንጠራ ሌላ ሰው ሳይሆን እርሱ ይመጣልና። የስም እውነት በቃሉ ትርጉም ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም፤ ወደ ተጠራው ሳይስት በማድረሱ ነው። የዛፍ ሽበት የሚለው የአገራችን ስምም በዚህ መንገድ አይነቀፍም፤ ያየውን ይናገራል፥ ያላየውን አይጨምርም፤ ሁለት ፍጥረት በአንድ ቢጠራም በማንም ላይ በደል አያወራም። በዚያ ወይራ ላይ የተሰጠው ስም ግን ስም ብቻ አልነበረም፤ በውስጡ ክስ ነበረበት። ክስ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል።

ምስክርን ካነሣን የሞስ መርማሪዎች ስለ እርሱ ያላቸውን ሥርዓት እንናገር። አንድ ሰው አዲስ ዝርያ አገኘሁ ሲል በቃሉ አይታመንም። ስሙን ያወጣበትን ደረቅ ዕፅ በወረቀት ከረጢት አድርጎ፥ የተገኘችበትን ቦታና ቀን ጽፎ፥ የደረቁ ዕፀዋት በሚጠበቁበት መዝገብ ቤት ማኖር አለበት። ይህችን ዕፅ እኛ አብነት ብንላት መልካም ይመስለናል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠራጠር ሰው ቢነሣ ወደ አብነቲቱ ሄዶ፥ አንዲት ቅጠል በውኃ ነክሮ፥ ያ የሞተ ሰው ያየውን ራሱ ያያል፤ የሞስ ቅጠል ሕይወትዋ ቢያልፍም ሲነከር መልክዋ ይመለሳልና። የአብነቲቱን መልክ የሚተርከው ቃል በላቲን እንዲጻፍ ለብዙ ዘመን ሕግ ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በእንግሊዝኛም ተፈቅዷል። ለግእዝ የሚሳሳ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን፤ ለጊዜው ግን እንለፈው።

ካርል ሙለር የተባለ የሃሌ ከተማ ሰው፥ በ1899 ዓ.ም. የሞተው፥ ከአፍሪካም ከሌላውም ዓለም የተላኩለትን ሞሶች እየመረመረ በሺህ ለሚቈጠሩ ስም አወጣ። ከአዲስ አገር የመጣ ሁሉ አዲስ ዝርያ ይመስለው ስለ ነበረ አንዲቱ ሞስ በየአገሩ ልዩ ልዩ ስም አገኘች፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹን ስሞች ወደ አንድ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ለዚህም አብነቶቹን ማየት ይገባቸው ነበር። አብነቶቹ በበርሊን መዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መጀመሪያ ሌሊት ከተማዪቱ ከአየር ስትደበደብ መዝገብ ቤቱ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ቦታ ተከፋይ ላልተረፈለት ስም ሁሉ የቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ ምስክሩ የለም። ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጋደሉ የማንም ጠላት ያልነበረች የሞስ ከረጢት አብራ ነደደች።

አገራችንም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በስትራስቡርግ ከተማ ዊልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር የሚባል በዘመኑ ስመ ጥር የሞስ ሊቅ ነበረ፤ የአጎቱ ልጅ ጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ በትግሬ አገር ኖሮ፥ በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ ሞተ። እርሱ የሰበሰባቸው የአገራችን ዕፀዋት ዛሬም በአውሮፓ መዝገብ ቤቶች ይገኛሉ። የራሳችን ዛፍ ልጆች ምስክር በባዕድ አገር ሣጥን ተቀምጦ እኛ በቢላዋ መፋቃችን ግን ያሳፍራል።

ከዚህ በኋላ አንድ ተከራካሪ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ «ወገንና ዝርያ የምትሉት ሁሉ የሰው አሳብ ነው፤ ሊቃውንቱ ራሳቸው ትናንት ሌስኬያ ያሉትን ዛሬ ፍሎሪቡንዳሪያ ይላሉ፤ ፒሎትሪኬላ የተባለችውን ተንጠልጣይ ሞስም ረጅም ዘመን ከሜቴዎሪየም ቤተ ሰብ ጋር ቈጥረው ኋላ ወደ ሌላ ቤተ ሰብ አዛወሩአት፤ እንግዲህ የሚለዋወጥ ነገር እውነት እንዴት ይባላል?» ክርክሩ ብርቱ ነው። እኛ ግን እንዲህ እንመልሳለን። ስሙ የእኛ ነው፤ መለወጡም ስለዚህ ነው። ጉብታዎቹ በሕዋሱ ላይ መሰለፋቸው ግን የእኛ አይደለም፤ ዶዚ ሳይወለድ ተሰልፈው ነበር። ስም የሚለወጠው ፍጥረት ስለ ተለወጠች አይደለም፤ የሚያያት ሰው ዓይኑን ስላጠራ ነው። ሁሉ የሰው አሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያስገድደን አንዳች ነገር ስለሌለ መታረምም ባላስፈለገ ነበር።

አዳም ለእንስሳት ስም ማውጣቱን የምናነብ ሁላችን ስም ማውጣት የሥልጣን ምልክት ነው ብለን ተምረናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ስሙ ከመውጣቱ አስቀድሞ እንስሳቱ ወደ እርሱ ቀርበው እንደ ነበር እናስተውል፤ ሳያይ አልጠራም። ጠቢቡ ሰሎሞንም ስለ ዕፀዋት ሲናገር ዕውቀቱ ከታላቁ ዝግባ ተነሥቶ በግንብ ላይ እስከምትበቅለው ሂሶጵ ይደርስ ነበር። የሊኔ ደቀ መዝሙር ሃሰልኲስት በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ፥ ይህች የግንብ ሂሶጵ በከተማዪቱ ቅጥር ላይ ያገኛት ትንሽ ሞስ ናት ብሎ ገመተ። ብዙዎች በግምቱ አይስማሙም፤ እኛም አንፈርድም። ነገር ግን ሞስ ብትሆንስ ኖሮ ለንጉሡ ማዕረግ ትንሽ ነበረችን?

ባለፈው ዓመት ወደዚያ ደብር ሄደን ነበር። ወይራው ቆሟል፤ የፋቅንበት ጠባሳ በግንዱ ላይ ይታያል። ፀሐይ በማያገኘው ጎኑ ሽበቱ ተመልሶ በቅሏል። እንደ ትራስ የተከመረችውን አንዲት ሞስ በአጉሊ መነጽር አየናት። ሙዳይ አልነበራትም፤ ከዚህ ወገን ያሉት ብዙዎች ደግሞ የሙዳይዋ ጥርስ ሳይታይ አይለዩም። በጣት ጥፍር የምታህል ቍንጥር ወስደን በወረቀት ከረጢት አደረግናት። በከረጢቱ ላይ የደብሩን ስም፥ ቀኑንና የዛፉን ዓይነት ጻፍን፤ የዝርያዋን ስም መጻፊያ ግን ባዶ ተውነው።